ለሊቲየም ባትሪ የሚሆን የሞተር ሬክቲፋየር የቱን ልግዛ? (ደሴ–ኮምቦልቻ)

ሐረጎ_ጋላቢ | ማክሰኞ ማታ
ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ? የምኖረው ደሴ ነው፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ። ጠዋት የሐረጎን ቁልቁለት በሞተር እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። ሞተሬ የቻይና 250 ናት። የአሲድ ባትሪዋ ሞተና የአጎቴ ልጅ ከውጭ ሲመጣ ሊቲየም ባትሪ ይዞልኝ መጣ። ክብደቱ የድሮውን ሲሶ አይሞላም።

ልገጥመው ስል ሰፈር ያለው መካኒክ «በዚህ ሬክቲፋየር ከገጠምከው ታቃጥለዋለህ» አለኝ (ሞተሩ የሚያመነጨውን ኤሌክትሪክ ለባትሪ እንዲሆን ቀይሮ ቮልቱን የሚገድበውን ዕቃ ማለቱ ነው)። ፒያሳ መለዋወጫ ቤቶችን ዞርኩ። አንዱ «ሬክቲፋየር ሁሉ አንድ ነው» ይላል። ሌላው «ለሊቲየም ብቻ የተሠራ አለ» ብሎ እጥፍ ዋጋ ይጠራል። ማንን ልመን? እውነት ለሊቲየም ተብሎ የተሠራ ሬክቲፋየር አለ? ካለስ ስገዛው በምን ልለየው? ባትሪውን ገና አልገጠምኩትም፣ ቤት ተቀምጧል።

ባለቴስተር | ማክሰኞ ማታ
ወንድሜ፣ ሳትገጥም መጠየቅህ ጥሩ ነው። እኔ ኮምቦልቻ የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ ስሠራ ነው የኖርኩት። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት ሁለት ነገር አሳየን። ባትሪው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንድም ሳታስቀር ጻፍልን። ከዚያ ከሬክቲፋየሩ የሚወጡትን ሽቦዎች ቁጠርና ቀለማቸውን ንገረን። እነዚህን ሳናውቅ የምንሰጥህ ምክር ሁሉ ግምት ነው።

ቦርከና | ማክሰኞ ማታ
ኧረ አታካብዱት። እኔ ሊቲየም ከገጠምኩ ቆየሁ፣ በነበረው ሬክቲፋየር ነው። ቁልፍ ሲነካ ትነሳለች። ግጠመውና ንዳ።

ሐረጎ_ጋላቢ | ረቡዕ ጠዋት
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ባትሪው ላይ ያለው ጽሑፍ ይሄ ነው፦ ሊቲየም አይረን ፎስፌት፣ 12.8 ቮልት፣ 51 ዋት ሰዓት። ቻርጅ ከ14.4 እስከ 14.6 ቮልት፣ የቻርጅ ጣሪያ 12 አምፔር። በትልቁ ደግሞ «12 አምፔር ሰዓት» ይላል።

የሬክቲፋየሩ ሽቦ ስድስት ነው። ሦስት ቢጫ፣ አንድ ቀይ፣ አንድ አረንጓዴ፣ አንድ ጥቁር።

የጦሳ_ልጅ | ረቡዕ ጠዋት
ሰላም ወንድሜ። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ኤሌክትሪካል የተማርኩ ነኝ። ከባትሪው ልጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከዚያ ነው።

ሊቲየም የሚባለው ባትሪ ብዙ ዓይነት ነው። ያንተው አይረን ፎስፌት ነው። ይህን ዓይነት ጆን ጉድኢናፍና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ቴክሳስ ውስጥ ያገኙት ነው። እኒህ ሰው በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ናቸው። የአንዱ ሴል ቮልት 3.2 ነው። አራት ሴል ሲቀጠል 12.8 ይሆናል። አንድ ሴል ሞላ የሚባለው 3.6 ወይም 3.65 ሲደርስ ነው። በአራት አባዛው፤ 14.4 እና 14.6 ይመጣልሃል። ባትሪህ ላይ የተጻፈው ይኸው ነው።

አሁን ዋናው ነገር። የሞተር ሬክቲፋየር ለአሲድ ባትሪ ሲሠራም አብዛኛውን ጊዜ ከ14 እስከ 14.5 ቮልት ላይ እንዲቆም ነው የሚሠራው። ስለዚህ ጤነኛ ሬክቲፋየር ካለህ ያንተን ባትሪ ይሞላል። «ለሊቲየም ብቻ» የሚባለው ዕቃ ውስጥ አስማት የለም። ጥሩው ዕቃ የሚለየው 14.4 አካባቢ ላይ ሳይዋዥቅ መቆሙ ነው፣ ብርድም ይሁን ሙቀት።

ብርዱን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዳንድ ሬክቲፋየሮች ለአሲድ ባትሪ ታስቦ አየሩ ሲቀዘቅዝ ቮልቱን ከፍ እንዲያደርጉ ተደርገው ይሠራሉ። አሲድ ባትሪ በብርድ ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል። ሊቲየም አይፈልግም። ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋቷን ታውቀዋለህ። ያኔ ነው የሚፈተነው።

«12 አምፔር ሰዓት» የሚለውን ደግሞ እንዳለ አትውሰደው። 51ን ለ12.8 አካፍል፣ 4 ነው የሚመጣው። እውነተኛው አቅሙ 4 አምፔር ሰዓት ነው። 12 የተባለው ሞተር በማስነሳት ጉልበቱ ከ12 አምፔር ሰዓት የአሲድ ባትሪ ጋር ይስተካከላል ለማለት ነው። ማስነሳቱ እውነት ነው፣ በደንብ ያስነሳል። ግን ሞተርህ ላይ አላርም ካለና ለብዙ ቀን ካቆምካት ቶሎ ይደርቃል።

ሐረጎ_ጋላቢ | ረቡዕ ጠዋት
እህቴ በጣም አመሰግናለሁ። ይሄን ማንም አልነገረኝም። የኔን ቢጫና ጥቁር ሽቦዎችስ እንዴት ታይዋቸዋለሽ?

ባለቴስተር | ረቡዕ ከሰዓት
እኔ ልመልስልህ። ሦስት ቢጫ ማለት ስታቶርህ (ሞተሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅልል) ባለሦስት ፌዝ ነው፣ ደህና ኃይል ያወጣል። ቢጫዎቹን ከአዲስ ሬክቲፋየር ጋር ስታገናኝ ተራ የላቸውም፣ እንደፈለግህ ብትቀያይራቸው ያው ነው። ቀዩ ወደ ባትሪ፣ አረንጓዴው ማሳ (ከሞተሩ አካል ጋር የሚገናኘው ኔጋቲቭ)። ጥቁሩ ግን መጠንቀቅ የሚፈልግ ሽቦ ነው። እሱ ኃይል አይሸከምም። በቁልፉ በኩል መጥቶ ለሬክቲፋየሩ «ባትሪው አሁን ስንት ቮልት ላይ ነው» የሚለውን ይነግራል። እሱ የሚነግረውን ሰምቶ ነው ሬክቲፋየሩ የሚቆመው። ወደ እሱ እንመለሳለን።

መጀመሪያ ለካ። ሊቲየሙን አትንካው፣ ከጎረቤት ደህና የአሲድ ባትሪ ተዋስና እሱን ግጠም። ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርግ። ጫፎቹን ባትሪው ራሱ ላይ ያዝ፣ ሽቦ ላይ አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ንባቡን ጻፍ። አስነሳና በሚኒሞ ጻፍ። ከዚያ ነዳጅ ስጥና 5000 ዙር አካባቢ ያዘው፣ መብራት አብርተህ አንዴ፣ አጥፍተህ አንዴ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ለካ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ከወጣህ በኋላም ሞተሩ እንደጋለ ድገመው። ቁጥሮቹን ሁሉ ላክልኝ።

አንድ ነገር አደራ። ሞተር እየሠራ ባትሪ ፈትቶ መሞከር የሚባል የድሮ ልማድ አለ። እሱን አታድርግ። ሲዲአይህን (የማቀጣጠያውን መቆጣጠሪያ) ትበላዋለህ።

ቦርከና | ረቡዕ ማታ
ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ሁሉ ልኬት ለምን? የኔ ሳይለካ ነው የሚሠራው። አሲዱም ድሮ በዚሁ ሬክቲፋየር ይኖር ነበር።

ባለቴስተር | ረቡዕ ማታ
ቦርከና ወንድሜ፣ ያንተ ደህና የሆነው ሬክቲፋየርህ ደህና ስለሆነ ነው። ደስ ይበልህ። ግን ያንተ ሬክቲፋየር የሱ ሞተር ላይ የለም።

አሲድ ባትሪ ቻይ ነው። 15 ቮልት ቢሰጠው ውሃውን ያፈላል፣ አንተም የተጣራ ውሃ ትጨምርለታለህ፣ ጥቂት ጊዜ ይገፋል። ሊቲየም ውስጥ የሚጨመር ውሃ የለም። ከልክ በላይ የገባው ሴሉን ራሱን ነው የሚጎዳው። ደህና ባትሪ ከሆነ ውስጡ ቢኤምኤስ የሚባል መቆጣጠሪያ አለው። ቮልቱ ሲያልፍ ባትሪውን ከመስመር ያወጣዋል። ባትሪው ዳነ። ሞተሩስ? ሞተሩ እየሠራ ባትሪ የሌለው ሆነ ማለት ነው። ባትሪ ከመስመር ሲወጣ ቮልቱን የሚያረጋጋ ነገር የለም፣ ድንገት ይዘላል። አምፖል ይቃጠላል፣ ዳሽቦርድ ይሞታል፣ ኢንጀክሽን ያላት ሞተር ከሆነች ኮምፒዩተሩ ይሄዳል። እንዲህ ሆነው ወደኔ የመጡ ሞተሮችን አይቻለሁ። ባለቤቶቹ «ባትሪው ደህና ነው፣ ሌላው ሁሉ ለምን ተቃጠለ?» ይላሉ። ለዚህ ነው የምናስለካው።

ባጃጅ_ሰኞገበያ | ሐሙስ ጠዋት
ጥያቄ ልጨምር። ወንድሜ አሮጌ 125 የቻይና ሞተር አለው። ሬክቲፋየሩ ባለ አራት ሽቦ ነው። ቢጫ፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ፊት መብራቱ በሚኒሞ ይደክማል፣ ነዳጅ ሲሰጥ ይደምቃል። እሱም ሊቲየም ልግዛ እያለ ነው።

የጦሳ_ልጅ | ሐሙስ ጠዋት
አይግዛ። የሱ ሲስተም ግማሽ ሞገድ የሚባለው ነው። ፊት መብራቱ በቀጥታ ከስታቶር በኤሲ ነው የሚበራው፣ ለዚህ ነው ከሞተሩ ዙር ጋር የሚደክመውና የሚደምቀው። ለባትሪው የሚደርሰው የሞገዱ ግማሽ ብቻ ነው፣ በጣም ትንሽ አምፔር። ወደ ሙሉ ሞገድ መቀየር ይቻላል። ግን ስታቶሩን አውጥቶ ማሳ ላይ የተበየደውን ጫፍ ማንሳት፣ ሬክቲፋየሩን መቀየር፣ መብራቱን ሁሉ ወደ ባትሪ መስመር ማዞር ይጠይቃል። ለአሮጌ 125 ይሄ ሁሉ አያዋጣም። ደህና የአሲድ ባትሪ ይግዛ፣ ይበቃዋል።

ባጃጅ_ሰኞገበያ | ሐሙስ ጠዋት
ጀዛኪላህ ኸይር እህቴ። ገንዘቡን አተረፍሽለት።

ሐረጎ_ጋላቢ | ሐሙስ ማታ
ለካሁ። ባትሪ ተውሼ ነው፣ የአሲድ።
ጠፍቶ 12.6። በሚኒሞ 13.4። ጠዋት ቀዝቅዞ 5000 ዙር ላይ መብራት ጠፍቶ 15.0። መብራት ሲበራ 14.9። ከኮምቦልቻ ወጥቼ ደሴ ስደርስ ሞተሩ ግሎ 14.8።
የፊት መብራቴን ኤልኢዲ ካደረግኩት ቆይቷል።
ሬክቲፋየሩ በእጅ አይነካም፣ ይፋጃል። በቃ ይቀየር አይደል?

ፒያሳ_መለዋወጫ | ሐሙስ ማታ
ወንድሜ እኔ ሻጭ ነኝ፣ ብትገዛኝ ደስ ይለኛል። ግን ጋሼ ስለጥቁሩ ሽቦ ያሉትን ሳትጨርስ አትምጣ። ሰው አዲስ ገዝቶ ይሄድና በሳምንቱ «ይሄም 15 ይሰጣል» ብሎ ይመልስልኛል። ዕቃው ደህና ነው፣ ችግሩ ሽቦው ላይ ነው። ኤሌክትሪክ ዕቃ ከተገጠመ በኋላ መመለስ ለእኔም ለገዢውም ጭቅጭቅ ነው።

ባለቴስተር | ሐሙስ ማታ
ተባረክ። እንዲህ ያለ ሻጭ ይብዛልን።

ሐረጎ ወንድሜ፣ 15.0 ለሊቲየምህ ብዙ ነው። እንዲህ ሆኖ አትገጥመውም። አሁን ጥቁሩን እንይ። ሞተሩ እየሠራ የቴስተሩን አንድ ጫፍ ባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያዝ። ሌላውን ሬክቲፋየሩ ሶኬት ላይ ጥቁሩ ሽቦ ጋ ከኋላ አስገብተህ ንካ። የሚያሳይህ ቁጥር በመንገድ ላይ የጠፋው ቮልት ነው። 0.1፣ 0.2 ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ካለፈ ሬክቲፋየሩ ውሸት እየተነገረው ነው። ባትሪው 15 ላይ ሆኖ ሳለ «14.4 ነው» ተብሎ ይሰማል፣ ስለዚህ አይቆምም።

በዚያው አረንጓዴውንም ለካ። አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላው የሬክቲፋየሩ አረንጓዴ ላይ። ማሳው ዝጎ ከሆነ እሱም ያሳስታል።

ለሌሎቻችሁም ልጨምር። ጥቁር ሽቦ የሌለው ባለ አምስት ሽቦ ሬክቲፋየር ያላችሁ፣ የናንተ ነገር በተቃራኒው ነው። የናንተ ሬክቲፋየር ቮልቱን የሚያነበው ቀዩ ላይ፣ እዚያው ራሱ ጋ ነው። ቀዩ መስመር ላይ ሶኬት ከዛገ ባትሪያችሁ የሚደርሰው ያንሳል። ሁሌ የማይሞላ ባትሪ ካላችሁ ከዚያ ጀምሩ።

ሐረጎ_ጋላቢ | ዓርብ ማታ
ጋሼ፣ ጥቁሩ ላይ 0.6 ቮልት ጠፍቷል! አረንጓዴው 0.1 ነው።
ቁልፉ ስር ያለውን ሶኬት ስከፍተው ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል። የክረምቱ ዝናብ ገብቶበት ነው መሰለኝ። ምን ላድርግ? ቁልፉን ልቀይረው?

ባለቴስተር | ዓርብ ማታ
ቁልፉን ገና አትቀይር። ሶኬቱን ንቀል፣ የኮንታክት ማጽጃ ስፕሬይ ንፋበትና በትንሽ ብሩሽ አጽዳው። ፒኖቹ ላልተው ከሆነ በስስ ፒንሳ አጥብቃቸው። ሲደርቅ ትንሽ ቅባት ቀባና ግጠመው። ከዚያ እንደገና ለካ።

እሱ ካልበቃ ሌላ መንገድ አለ። ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ትገጥማለህ። ጥቁሩን ከባትሪው በሪሌ በኩል በቀጥታ ታመጣዋለህ፣ ቁልፉ ሪሌውን ብቻ ይቀሰቅሳል። ያኔ ሬክቲፋየሩ የባትሪውን እውነተኛ ቮልት ያነባል። ጥቁሩን ያለ ሪሌ ዝም ብለህ ባትሪ ላይ አትሰረው። ሞተሩ ቆሞ ባትሪህን ቀስ እያለ ይመጠዋል፣ ያንተ ደግሞ 4 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው።

ቦርከና | ዓርብ ማታ
እሺ፣ እኔም ለካሁ። የኔ ግሎም ቀዝቅዞም 14.3 ነው። ጋሼ ተናግረው ነበር።

ሌላ ነገር ግን። ኮምቦልቻ አንድ ልጅ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ሞተርና ከላፕቶፕ ሴል አውጥቶ ለሞተር ባትሪ ይሠራል። ዋጋው በጣም ቅናሽ ነው። ሊቲየም ነው፣ ያው አይደለም እንዴ?

የጦሳ_ልጅ | ዓርብ ማታ
ያው አይደለም! እባካችሁ ይሄን ሁላችሁም አንብቡ።

የላፕቶፕና የብዙ የኤሌክትሪክ ሞተር ሴሎች ሌላ ዓይነት ናቸው። አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ከዚያ በላይ አይቀበልም። ሦስት ሴል ቢቀጠል ሙሉው 12.6 ነው። የሞተርህ ሬክቲፋየር 14.4 ይሰጣል። ለሦስት አካፍለው፣ አንዱ ሴል ላይ 4.8 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ሴል ያብጣል፣ ይጨሳል፣ በእሳት ይነሳል። የት ነው የሚነሳው? ከነዳጅ ጋንህ ስር፣ ከመቀመጫህ ስር።

አራት ሴል ቢያደርጉትስ? ሙሉው 16.8 ነው። 14.4 ለአራት ሲካፈል 3.6 ነው፣ መቼም አይሞላም። የትኛውም የሞተር ሬክቲፋየር ከዚህ ዓይነት ጋር አይስማማም፣ በሦስትም በአራትም። የሚስማማው አራት ሴል አይረን ፎስፌት ብቻ ነው። ባትሪው ላይ 12.8 የሚል ካላያችሁ አትግጠሙ። ልጁን የምታውቀው ከሆነ፣ አደራ፣ ይሄን አሳየው። ክፋት እንደሌለው አውቃለሁ፣ ግን የሰው ሕይወት ነው።

ቦርከና | ዓርብ ማታ
ነገ ሄጄ እነግረዋለሁ።

ሐረጎ_ጋላቢ | እሁድ
አጸዳሁት። ጥቁሩ ላይ የሚጠፋው ወደ 0.1 ወረደ። ጠዋት ቀዝቅዞ 5000 ዙር ላይ አሁን 14.5 ነው። ግሎ 14.4። አልሐምዱሊላህ!

አንድ ነገር ግን አልተለወጠም። ሬክቲፋየሩ አሁንም በጣም ይግላል። በተለይ ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ። ስወጣ ይግላል ብዬ ነበር የምጠብቀው፣ ስወርድ ይብሳል። ለምንድን ነው?

የጦሳ_ልጅ | እሁድ
ወላሂ ይሄ ጥያቄ ደስ ይላል። መልሱ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ያንተ ሬክቲፋየር ሻንት የሚባለው ነው፣ አብዛኛው ሞተር ላይ ያለው እሱ ነው። ስታቶሩ በዙሩ ልክ ኃይል ያወጣል። ባትሪውና መብራቱ የሚፈልጉትን ይወስዳሉ። ትርፉን ሻንቱ ቢጫዎቹን እርስ በርስ ሾርት እያደረገ ያባክነዋል። ቧንቧውን እስከ መጨረሻ ከፍቶ፣ ባልዲው ሲሞላ ትርፉን መሬት እንደ ማፍሰስ ነው። ሲሪስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ግን ሲሞላ ቧንቧውን ይዘጋል። ትርፍ የሚባል ነገር አይፈስም፣ ስታቶሩም ያርፋል።

አሁን ሐረጎን አስብ። ስትወርድ በማርሽ ይዘህ ነው የምትወርደው፣ ሞተሩ ፍሬን እየሆነልህ። ዙሩ ከፍተኛ ነው። ስታቶሩ ሙሉ ኃይሉን ያወጣል። ባትሪህ ሞልቷል። መብራትህን ኤልኢዲ አድርገኸዋል፣ የድሮው አምፖል ከሚበላው ትንሹን ነው የሚበላው። ስለዚህ ከሞላ ጎደል ሁሉም ኃይል ትርፍ ነው፣ ትርፉም ሻንቱ ላይና ስታቶሩ ላይ ሙቀት ይሆናል። ብዙ ሰው ኤልኢዲ ስገጥም ሬክቲፋየሬ ያርፋል ብሎ ያስባል። በሻንት ላይ ነገሩ ግልባጩ ነው።

ደሴ ከፍታዋ ላይ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀትን ቶሎ አይወስድም። ኮምቦልቻ 1850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በዚህ በኩል ትሻላለች፣ ግን ሙቀቷ ደግሞ አለ።

ስለዚህ አሁን ስለምርጫ ማውራት እንችላለን። ሦስት መንገድ ይታየኛል።

ያንተው ዓይነት ተራ ሻንት ርካሽ ነው። በውስጡ ያለው ማብሪያ ማጥፊያ ታይሪስተር የሚባለው ነው፣ በራሱ ላይ አንድ ቮልት አካባቢ ስለሚያስቀር ይግላል።

ከሱ የሚሻለው በታይሪስተር ፈንታ ሞስፌት የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ያለው ሻንት ነው። ሺንደንገን የሚባለው የጃፓን ፋብሪካ ኤፍኤች 020 የሚል 50 አምፔር ይሠራል፣ በትልልቅ የያማሃና የካዋሳኪ ሞተሮች ላይ ነበር። ራሱ ብዙ አይግልም። ስታቶሩ ግን ያው ሾርት እየተደረገ ስለሆነ መጋሉ አይቀርለትም።

ለሊቲየምና ለሐረጎ ልቤ የሚወደው ሲሪሱን ነው። የዚያው ፋብሪካ ኤስኤች 775 አለ፣ 35 አምፔር ነው፣ ፖላሪስ በሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሽከርካሪዎች ላይ ይመጣል። 14.5 አካባቢ ላይ ይቆማል። ላንተ ሞተር አቅሙ ከበቂ በላይ ነው። ጥቁር ሽቦ አይፈልግም፣ ቀዩን በፊውዝ በኩል በቀጥታ ባትሪ ላይ ነው የምታመጣው። የቁልፉ ዝገት ያመጣብህ ጣጣ በዚያው ይቀራል። አንድ እንከን አለው። መስመሩን ሲዘጋ ስታቶሩ ላይ ያለው ቮልት ከፍ ይላል። ስታቶርህ ያረጀና ሽፋኑ የተላጠ ከሆነ እንዳይቃጠልብህ መጀመሪያ እሱን አስፈትሽ።

ባለቴስተር | እሁድ ማታ
እህቴ በደንብ አስረድተሻል። በአንዱ ግን አልስማማም። አሁን 14.5 የሚሰጥ ጤነኛ ዕቃ ይዞ ሲሪስ መግዛት አያስፈልገውም። ይሄኛው ሲሞት ይግዛ። እስከዚያ ቦታውን ያስተካክል። የቻይና ሞተሮች ሬክቲፋየሩን ከጎን ካቨር ስር፣ አየር በማይደርስበት ያስቀምጡታል። አውጥቶ ከፊት፣ ነፋስ በሚያገኝበት በወፍራም አሉሚኒየም ላይ ይሰረው። ከጀርባው የሙቀት ማስተላለፊያ ፔስት ይቀባ። የሽቦውን ሶኬትም ይየው፣ ቢጫዎቹ ያሉበት ፕላስቲክ ቡኒ ሆኖ ከቀለጠ ቆርጦ በአዲስ ይቀይረው።

ስታቶሩን መፈተሹ አይከፋም። ሶኬቱን ነቅለህ በሁለት ሁለት ቢጫ መካከል ኦሙን ለካ። ሦስቱም እኩል መሆን አለባቸው፣ ከአንድ ኦም በታች ይሆናል። ከቢጫ ወደ ሞተሩ አካል ምንም ማንበብ የለበትም። ካነበበ ስታቶሩ ሾርት ነው።

የጦሳ_ልጅ | እሁድ ማታ
ጋሼ፣ ገንዘቡን በተመለከተ ልክ ነዎት። እኔ ግን በየቀኑ ያንን ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ስታቶሩ ያሳስበኛል። ሬክቲፋየር በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቀየራል፣ ስታቶር ሲቃጠል የሞተር ካቨር ተከፍቶ፣ ዘይት ፈሶ፣ ጥቅልል ተጠቅልሎ ነው። እስኪሞት መጠበቁ ላይ ነው የምንለያየው።

ፒያሳ_መለዋወጫ | እሁድ ማታ
ስለሲሪሱ ልናገር። ሱቅ ለሱቅ ዞራችሁ የምታገኙት ዕቃ አይደለም፣ ማስመጣት ይጠይቃል። የሺንደንገን ስም የተለጠፈበት ኮፒ ደግሞ ገበያ ላይ አለ። ከውጭ ዓይቶ መለየት ለኔም ይከብደኛል። ስለዚህ ከየትም ብትገዙ ሻጩን ሞተሩ ላይ ገጥመን እንለካው በሉት። ቀዝቅዞም ግሎም 14.4 እና 14.6 መካከል ካልቆመ አትውሰዱ። «ለሊቲየም» የሚል ጽሑፍ ብቻ አይታችሁ እጥፍ አትክፈሉ።

ባጃጅ_ሰኞገበያ | እሁድ ማታ
የአምፔሩስ ነገር? ባትሪው ላይ የቻርጅ ጣሪያ 12 አምፔር ይላል ብሎ ነበር። ሊቲየም በአንዴ ብዙ ይስባል ይባላል።

የጦሳ_ልጅ | እሁድ ማታ
ጥሩ አስታወስክ። ይስባል፣ የውስጥ መቋቋሙ ትንሽ ስለሆነ የተሰጠውን ሁሉ ይቀበላል። ግን ስታቶሩ ከሌለው አያመጣም። የሱ ስታቶር 180 ዋት ቢሆን እንኳ ለ14.4 ስናካፍለው 12.5 አምፔር ነው። ከዚያ ላይ መብራቱ፣ ማቀጣጠያው፣ የኋላ መብራቱ ይወስዳሉ። ለባትሪው የሚተርፈው ከ12 በታች ነው። ችግር የሚሆነው ትልቅ ሞተር ላይ ትንሽ ሊቲየም ሲገጠምና ባዶ ሆኖ በግፊ ሲነሳ ነው። እንዲያ ከሆነ መጀመሪያ ቤት ቻርጅ አድርጎ መግጠም ይሻላል።

ሐረጎ_ጋላቢ | ሰኞ ማታ
ዛሬ ሊቲየሙን ገጠምኩት። ሳልገጥመው 13.3 ነበር። አሁን ሞተሩ ላይ ግሎም ቀዝቅዞም 14.4 እና 14.5 መካከል ነው። ሬክቲፋየሩን ወደ ፊት አውጥቼ አሉሚኒየም ላይ አሰርኩት፣ ኮምቦልቻ ስደርስ አሁን በእጅ ይነካል። ስታቶሩም ሦስቱም እኩል አነበበ። የጋሼን ምክር ይዤ በዚሁ እቀጥላለሁ፣ እህቴ ያለችውን ሲሪስ ደግሞ ለሚመጣ ሰው አዝዣለሁ። ሲደርስ እቀይረዋለሁ።

ጠዋት ግን አንድ ነገር አየሁ። ብርድ ነበር፣ ስታርት ስነካው ደከመብኝ። ሁለተኛ ስሞክር ደህና ተነሳ። ባትሪው ታሞ ነው?

ባለቴስተር | ሰኞ ማታ
አብሽር፣ አልታመመም። አይረን ፎስፌት በብርድ ይሰንፋል። ጠዋት ስታርት ከመንካትህ በፊት ቁልፉን ክፈትና የፊት መብራቱን አንድ ሁለት ደቂቃ አብራ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ ከውስጥ ይሞቃል፣ ከዚያ በደንብ ያስነሳል። ያንተ ኤልኢዲ ትንሽ ስለሚበላ በመጀመሪያው ካልተነሳ ትንሽ ጠብቀህ ድገመው።

ወደ ጉጉፍቱ በኩል ወጥተህ ውርጭ ባለበት ካደርክ ግን ሌላ ነው። ከዜሮ ዲግሪ በታች የቀዘቀዘ ሊቲየም ቻርጅ መደረግ የለበትም፣ ሴሉ ውስጥ ሊቲየሙ እየተለጠፈ ይጎዳል። እዚያ ስታድር ባትሪውን ነቅለህ ቤት አስገባው። ቀላል ነው፣ አይከብድህም።

ሐረጎ_ጋላቢ | ሰኞ ማታ
እሺ ጋሼ። የመጨረሻ ጥያቄ። ቤት ያለኝ የአሲድ ባትሪ ቻርጀር ይሆነዋል?

የጦሳ_ልጅ | ሰኞ ማታ
ቻርጀሩ «ጥገና» ወይም ሰልፌት ማስለቀቂያ የሚባል ፕሮግራም ካለው አይሆንም። እሱ 15 እና 16 ቮልት ምት ይልካል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም የሌለው፣ 14.4 ላይ የሚቆም ተራ ቻርጀር ከሆነ ይሆናል፣ ግን ሲሞላ ንቀለው፣ ተሰክቶ አይደር። ደግሞም በቴስተር ስታየው እንደ አሲዱ አታንብበው። አሲድ 12.7 ካሳየ ሙሉ ነው። ያንተው 12.7 ካሳየ ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው፣ ቻርጅ አድርገው።

የቻርጀሩን ጀርባ ጽሑፍ ፎቶ አንሳና እዚህ ለጥፈው፣ አይቼ እነግርሃለሁ።